ድንጉላው ባዝራ አልፈልግም ሲል

ሚያዝያ እየተገባደደ ነው፤ የሁላችንም ዓይን ሰማይ ላይ ነው። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ዘርና ማዳበሪያ ሳይሆን ስለ ድንጉላ ፈረስና ስለ ወንድ አህያ ነው። ምነው በዚህ ሰዓት ትሉኝ ይሆናል። በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣልኛል። አንዱ "ድንጉላዬ ባዝራ ቢያመጡለት ዞር ብሎ አያያትም፣ ምን ላድርገው?" ይላል። ሌላው ደግሞ "ሦስቴ አጥቅቷታል፣ ባዝራዋ ግን አልያዘችም" ይላል። ሐምሌ ላይ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ሁሉ የዘገየ ነው። ለምን እንደሚዘገይ እነግራችኋለሁ፤ ለአሁኑ ይቺን ያዙልኝ፦ ሐምሌ ላይ የሚፈለገው የወንዴ ዘር መሠራት የሚጀምረው ግንቦት ላይ ነው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በእኛ በዋግ ምድር መኪና የማይገባበት ቀበሌ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከጋዝጊብላ ደጋ እስከ ተከዜ ቆላ ድረስ ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ፣ እህል ወደ ቤት፣ ማር ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚደርሰው በጋማ ከብት ጀርባ ነው። ከሁሉም በላይ የምትፈለገው በቅሎ ናት። በቅሎ ደግሞ ከበቅሎ አትወለድም፤ ባዝራ ከወንድ አህያ ነው የምትወልዳት። ባዝራዋን ራሷን የሚተካት ድንጉላው ነው። ስለዚህ ድንጉላው ዘሩ ከደከመ ባዝራ ይጠፋል፤ ወንድ አህያው ከደከመ በቅሎ ትጠፋለች። አንድ ዓመት አለፈ ማለት ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ ባዝራ እርግዝናዋ ብቻ ወደ 11 ወር ይወስዳል፣ በቅሎ ስትሆን ትንሽ ሊጨምርም ይችላል።

ታዲያ ድንጉላው እምቢ ሲል ምን ይደረጋል? አንዳንዱ ይገርፈዋል። አንዳንዱ "ዓይን ነው" ብሎ ወደ ጠበል ይወስደዋል። አንዳንዱ በርካሽ ይሸጠዋል፣ ወይም ያኮላሸውና ለጭነት ብቻ ያስቀረዋል። የመጨረሻው በጣም ያናድደኛል፤ መልካም ዘር ያለው ፈረስ ለሁለት ወር ድካም ሲባል ለዘለዓለም ከዘር ይወጣል።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከጋዝጊብላ በኩል አንድ አባት ድንጉላቸውን እየሳቡ መጡ። "ልጄ" አሉኝ፣ "ይሄ ፈረስ ድሮ ባዝራ ሲሸተው ችካል ነቅሎ ነበር የሚሄደው። አሁን እንደ ሰንጋ ሆነብኝ። መርፌ ካለህ ውጋልኝ፣ ከሌለህ ለገበያ ላውጣው።"

"አባባ፣ መጀመሪያ ኮርቻውን እናውርድና ጀርባውን ልየው" አልኳቸው።

ኮርቻው ሲነሣ ከትከሻው ኋላ የእጅ መዳፍ የሚያክል ገጣባ አለ፤ ዝንብ ሰፍሮበታል። የጎኑ አጥንት በሩቁ ይቆጠራል። ስጠይቃቸው አህያቸው በበጋው ሞታባቸው ጭነቱ ሁሉ ፈረሱ ላይ ወድቋል። በሳምንት ሁለቴ ኩንታል ሙሉ ይሸከማል። የሚበላው ከላሞቹ የተረፈ ጭድ ነው። የሚያድረው ከአጥር ሥር ታስሮ ነው፤ ጅብ ደግሞ በዚያው ሰሞን የጎረቤት ውርንጭላ በልቷል። ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ ቀና ብለው "ታዲያ ይሄ ሁሉ ከወንድነቱ ጋር ምን አገናኘው?" አሉኝ። ጥያቄያቸው የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ለእናንተም ልመልሰው።

በድርቅ ዓመት ሰርግ ይተላለፋል አይደል? ልጅ አልደረሰም ተብሎ ወይም ፍቅር ጠፍቶ አይደለም። ቤት ያለው እህል ነፍስ ለማቆየት ስለሚፈለግ ነው። የፈረስም ሰውነት እንዲሁ ነው የሚያስበው። ረሃብ፣ ሕመም፣ ከባድ ጭነት ወይም ፍርሃት ሲጸናበት "ዘንድሮ ሰርግ የለም" ይላል። መልእክቱን የሚያደርሱት ሆርሞኖች ናቸው። ሆርሞን ማለት አንድ ዕጢ አመንጭቶ በደም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚልከው መልእክተኛ ነው።

በደህናው ጊዜ መስመሩ እንዲህ ነው። ከአንጎል ሥር ያለ ሃይፖታላመስ የሚባል ክፍል በየጊዜው ትንሽ ትንሽ መልእክት ወደ ጎረቤቱ ወደ ፒቱታሪ ዕጢ ይልካል። ፒቱታሪ ያንን ተቀብሎ ሁለት ሆርሞኖች ወደ ቆለጥ ይልካል። አንደኛው ቆለጡ ቴስቶስቴሮን እንዲሠራ ያዛል፤ ይህ ድንጉላውን ድንጉላ የሚያደርገው፣ አንገቱን የሚያወፍረው፣ የሚያስጮኸው ነው። ሁለተኛው ከቴስቶስቴሮን ጋር ሆኖ የወንዴ ዘር እንዲመረት ያግዛል።

ጭንቅ ሲመጣ ሌላ መስመር ይከፈታል። ያው ሃይፖታላመስ ሌላ መልእክት ይልካል፣ ፒቱታሪም በተራው ከኩላሊት ራስጌ ያሉትን አድሬናል የሚባሉ ዕጢዎች ይቀሰቅሳል፤ እነሱ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ። ኮርቲሶል በራሱ ክፉ አይደለም። የተከማቸ ጉልበት አውጥቶ ለሩጫና ለትግል ያቀርባል፤ ጅብ ሲመጣ የሚያድነው እሱ ነው። ችግሩ ሳይወርድ ሳምንትና ወር ሲቆይ ነው። ያኔ የላይኛው መልእክት እንዲቀንስ ያደርጋል፤ ፒቱታሪ የሚመጣለትን ትንሽ መልእክት እንኳ በደንብ እንዳይሰማ ያደርገዋል፤ ቆለጡ ውስጥም ገብቶ ቴስቶስቴሮን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያዳክማል። ከምንጩም፣ ከቦዩም፣ ከማሳውም ውሃ እንደመቁረጥ ቁጠሩት። በዚህ ላይ ረሃብ ሲጨመር አንጎሉ የሰውነት ስብ መመናመኑን ራሱ ስለሚያውቅ መስመሩን በሌላ በኩልም ያጠበዋል።

ሰውነት የጭንቁን ዓይነት ብዙም እንደማይለይ የታወቀው ቆየት ብሎ ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ሃንስ ሰልዬ የተባለ ተመራማሪ አይጦችን አንዳንዶቹን በብርድ፣ አንዳንዶቹን በቁስል፣ አንዳንዶቹን ከአቅም በላይ በሆነ ሥራ አስጨንቆ ነበር። ምክንያቱ የተለያየ ቢሆንም ሰውነታቸው ያሳየው ለውጥ ተመሳሳይ ሆኖ አገኘው፤ አድሬናል ዕጢያቸው አብጦ ነበር። እኛ "ትንሽ ገጣባ ነው፣ ትንሽ ረሃብ ነው፣ ትንሽ ዱላ ነው" እያልን ለየብቻ እንቆጥራለን። የፈረሱ ሰውነት ግን ሁሉንም አንድ ቋት ውስጥ ነው የሚጨምረው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ "የአዊ ወንድሞቻችን ድንጉላ በጉግስ ላብ በላብ ሆኖ እየዋለ ለምን አይመክንም?" ትሉ ይሆናል። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማህበሩ ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው። መልሱ ቀላል ነው። የአንድ ቀን ሩጫ ኮርቲሶልን ከፍ አድርጎ በሰዓታት ውስጥ ይመልሰዋል። እንዲያውም ድንጉላ ባዝራ ሲያጠቃ ራሱ ኮርቲሶሉ ከፍ ይላል፤ ያ ጤናማ ነው። ሮጦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ገብስ በልቶ የሚያድር ፈረስ አይጎዳም። የሚጎዳው ማታ ጭነቱ ሲወርድለት ጭንቁ የማይወርድለት ነው።

አሁን ወደ ግንቦቱ ነገር እንምጣ። በፈረስ ቆለጥ ውስጥ አንድ የወንዴ ዘር ከመጀመሪያው እስኪሠራ 57 ቀን ያህል ይፈጃል። ከዚያ ደግሞ ከቆለጡ ጎን ባለው የተጠማዘዘ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው የሚበስለው። በድምሩ ሁለት ወር አለፍ ይላል። ቁጠሩት እስኪ፦ ሐምሌ 20 ባዝራ የሚያጠቃ ድንጉላ የሚሰጣት ዘር መሠራት የጀመረው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ግንቦት ደግሞ በእኛ አገር ምንድን ነው? ድርቆሹ ያለቀበት፣ ሣሩ ያልበቀለበት፣ የዘር እህል የሚመላለስበት፣ ጀርባና ሆድ የሚገናኙበት ወር ነው። ሐምሌ ላይ ለምለም ሣር በልቶ ቆዳው ያማረ ፈረስ የሚሰጠው የግንቦትን ረሃብ ዘር ነው ማለት ነው። ባዝሮቻችን ደግሞ ሣር ቀምሰው ፈረስ የሚፈልጉት በዚያው ሰሞን ነው። የውጭ አገር መጻሕፍት ፈረስ የሚራባው ቀን ሲረዝም ነው ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ለነሱ። በእኛ ሰማይ ሥር ግን ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። እኔ እንደማየው እዚህ ወቅቱን የሚወስነው ከብርሃኑ ይልቅ ሆዱ ነው።

ሌላም መለየት ያለብን ነገር አለ። ፍላጎትና ዘር አንድ አይደሉም። ወንድ በቅሎን ተመልከቱት፤ ቴስቶስቴሮን ስላለው ካልተኮላሸ ሴት ያስቸግራል፣ ይወጣል፣ ዘር ግን የለውም። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም ስላላቸው በቅሎ 63 ይሆንና ዘሩ አይሰናሰልም። እንደዚሁ ከጭንቅ የወጣ ድንጉላ መጀመሪያ የሚመለስለት ፍላጎቱ ነው፤ ዘሩ በኋላ ነው የሚደርሰው። የጋዝጊብላው አባት ፈረስ ባረፈ በሦስተኛው ሳምንት ማሽካካት ጀመረ። ደስ ብሏቸው "ባዝራ ላምጣለት" ብለው ነበር። "አባባ፣ ጥቅምት እስኪያልቅ ታገሡኝ" አልኳቸው። ቅር እያላቸው ታገሡ። ባዝራዋ የተጠቃችው በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ አሁን ሆዷ ገፍቷል።

መርፌውን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። የወንድ ሆርሞን መርፌ የደከመ ድንጉላን አያክመውም፣ ያብስበታል። ከውጭ ቴስቶስቴሮን ሲገባለት አንጎሉ "በቂ አለ" ብሎ የራሱን መልእክት ያቆማል፤ ቆለጡ ሥራ ይፈታል፣ ይቀንሳልም። ፈረሱ ይጮኻል፣ ዘሩ ግን ይደርቃል። ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒትም የኮርቲሶል ዘመድ ነው። ለአንዳንድ በሽታ ይጠቅማል፤ ነገር ግን "ጉልበት ይሰጣል" ተብሎ በዘፈቀደ ሲወጋ የምንፈራውን ነገር በመርፌ ማስገባት ነው፤ ፈረስን ከነሰኮናው ሊያሳምመውም ይችላል። ከሱቅ ገዝታችሁ አትውጉ፣ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዱት።

እንግዲህ እኛ አገር ፈረሱን የሚያስጨንቀው ምንድን ነው? ጭነቱን እናንሣ። በብዙ አገር ለፈረስ የሚመከረው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ነው። የእኛ ደጋ ፈረስ ትንሽ ነው፣ ብዙው ከ250 ኪሎ አይበልጥም፤ ስለዚህ ግማሽ ኩንታል ገደማ ማለት ነው። ኩንታል ሙሉ ጭናችሁ ዳገት ስታስወጡት እጥፍ እያስከፈላችሁት ነው። ገጣባ ደግሞ ቀን ከሌት የማያርፍ ሕመም ነው። በንጹሕ የጨው ውሃ እጠቡት፣ እስኪሽር ኮርቻ አታሳርፉበት፤ "ለምዶታል" የሚባለው ውሸት ነው። የሆድ ትላትልም አለ፤ የምትሰጡትን ገብስ ከፈረሱ በፊት የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ፍርሃትን ብዙ ሰው አይቆጥረውም። ጅብ በሚመጣበት ደጃፍ ብቻውን ታስሮ የሚያድር ድንጉላ እንቅልፍ የለውም። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። በአሜሪካ ፔንስልቬንያ በሜዳ በተለቀቁ ትንንሽ ፈረሶች ላይ በተደረገ ጥናት ከባዝሮች ጋር የሚኖረው ድንጉላ ቴስቶስቴሮኑ ከወንድ ጓደኞቹ ጋር ብቻ ከሚኖረው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ድንጉላችሁ ባዝራዎቹን በሚያይበትና በሚሰማበት ቦታ ይደር፤ ከሚነክሰውና ከሚያባርረው ጉልበተኛ ድንጉላ ጋር ግን አንድ ግቢ አትዝጉት።

ወደ አበርገሌና ወደ ተከዜ ዳር የምትወርዱ ደግሞ ሙቀቱን አስቡ። ቆለጥ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ከሰውነት ሙቀት ቀዝቀዝ ማለት ስላለበት ነው። ቀትር ላይ በጭነት ቆላ ለቆላ የዋለ፣ ወይም ትኩሳት የያዘው ወንድ ዘሩ ይጎዳል፤ ያውም ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በ2014 ዓ.ም ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች አህዮቻቸው ከደረሱ በኋላም ለረጅም ጊዜ እንዳልወለዱ ነግረውኛል። ሩጫ፣ ረሃብ፣ የተኩስ ድምፅ፣ እንግዳ ቦታ። ሰውም አልተኛ እንኳን አህያ።

ስለ ወንድ አህያ አንድ ነገር ልጨምር፣ በቅሎ ለምትፈልጉ። ወንድ አህያ በተፈጥሮው እንደ ድንጉላ አይቸኩልም። ባዝራ ፊት አቁማችሁት ይዞራል፣ ያሸታል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ሩብ ሰዓትም ግማሽ ሰዓትም ሊወስድበት ይችላል። ይሄኔ ነው ዱላ የሚነሣው። ዱላ ደግሞ የቀረችውን ፍላጎት ያጠፋታል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ባዝራ ሲያይ የሚያስበው ዱላውን ነው። ሰው አይሰብሰብበት፣ ልጆች አይጩኹበት፣ ተዉት ጊዜውን ይውሰድ።

ሁሉም ነገር ጭንቅ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የቆለጥ እብጠት፣ የእግር ሕመም፣ እርጅና ሊሆን ይችላል። ባዝራዋ ራሷ ከስታ ወይም ማኅፀኗ ታሞ ሊሆን ይችላል። በአርሲና በባሌ ደጋ በማጥቃት የሚተላለፍ ዱሪን የሚባል በሽታ አለ፤ ከሩቅ አገር የመጣ ድንጉላ ከገዛችሁና ብልቱ ካበጠ ከባዝራ ለይታችሁ ባለሙያ ይየው። ለሁለት ወር በደንብ ተይዞ ያልተለወጠ ፈረስም ምርመራ ያስፈልገዋል።

አውቃለሁ፣ "አሳርፉት" ማለት ለእኔ ቀላል ነው። እህሉን ማን ይሸከመዋል? የጋዝጊብላው አባትም ይህንኑ ነው የጠየቁኝ፤ መልሱን ያገኙት ግን ራሳቸው ናቸው። ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ወንፈል ገቡ። የነሱ አህዮች የሳቸውን እህል ጫኑ፣ እሳቸው ደግሞ በጉልበታቸው የነሱን አጨዳ አገዙ። በሦስት ቤት መካከል አንድ ጥሩ ድንጉላ ካለ የሦስቱም ባዝራ ከሱ ስለሆነ ማሳረፉ የሦስቱም ጉዳይ ነው። እኔ ከኮሌጅ ያልተማርኩት ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም እናገረዋለሁ።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ድንጉላውን ከኩንታል አውጡት፣ ግድ ከሆነም ግማሽ ጫኑበት። ድርቆሽ ያላችሁ ከላሞቹ ትንሽ ቀንሳችሁ ለሱ አስቀድሙ፤ የሌላችሁ ጭዱን ጨው ያለው ውሃ አርከፍክፉበትና ማታ ማታ እፍኝ እፍኝ ገብስ ወይም የባቄላ ክክ ጨምሩለት፤ በአንዴ አታብዙት፣ ሆዱን ይነፋዋል። ክሊኒክ ወስዳችሁ የትላትል መድኃኒት አሰጡት። ሌሊት በረት ይግባ። ባዝራዋ ፈረስ ስትፈልግ ፍላጎቷ ከ5 እስከ 7 ቀን ስለሚቆይ በየቀኑ ሳይሆን ቀን እየዘለላችሁ አስጠቁ። የመጨረሻዋን ቀን ከግድግዳም ይሁን ከደብተር ላይ ጻፉ። ባዝራ በ21 ቀን ገደማ ነው የምትመለሰው፤ ከ18ኛው ቀን ጀምራችሁ ድንጉላውን አሳይዋት። ከረገጠችውና ካባረረችው መልካም ነው። ከተቀበለችው የጻፋችሁትን ቀን ይዛችሁ ወደ ልማት ጣቢያ ኑ፤ ወደ ኋላ 65 ቀን ቆጥረን ፈረሱ ያን ጊዜ ምን ላይ እንደነበር አብረን እናያለን።